የጠፋው 50 ግራም፦ የቤት ውስጥ ሳሙና ሥራ ማስታወሻ

ከመጀመሬ በፊት

ሳሙና እቤት ልሠራ ነው ስላት ታላቅ እህቴ የመለሰችልኝ «ምነው፣ ሳሙና ጠፋ እንዴ?» ብላ ነው። አልጠፋም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ዘይት እጅ ያወዛል። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ይልጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን እጅ የሚያጠራ ነገር ይወጣቸዋል። ይህን በዓይኔ ማየት አማረኝ።

ጥቂት ቀን ሳነብ ሰነበትኩ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዷን የዘይት ቅንጣት ብናያት፣ ግሊሰሪን ሦስት ረጃጅም የስብ አሲዶችን እንደ ጅራት አንጠልጥሎ ነው። ኮስቲክ ሶዳ፣ በኬሚስቶች ስሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ጅራቶቹን ይቆርጣቸዋል። እያንዳንዱ ጅራት ሶዲየም ይይዝና ሳሙና ይሆናል። ግሊሰሪኑ ነፃ ወጥቶ እዚያው ውስጥ ይቀራል። የሳሙና አንዱ ጫፍ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፍ ቅባት ይወዳል። ስንታጠብ ቅባቱን በአንዱ፣ ውሃውን በሌላው ይዞ አብሮ ይሄዳል።

ሰው ይህን ሳያውቅ ለብዙ ዘመን ሳሙና ሠርቷል። ስብ ወደ አሲድና ግሊሰሪን እንደሚለያይ አጥርቶ ያሳየው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭሩል ነው። ስለ እንስሳት ስብ የጻፈው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። ሰውየው 102 ዓመት ኖሯል። ሳሙና ዕድሜ ያረዝማል ብዬ አልከራከርም፤ ግን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሳሙና ሥራ የወጥ ቤት ሥራ ይመስላል እንጂ አይደለም። ጨው በዓይን ይመጠናል፤ ኮስቲክ ሶዳ ግን በዓይን አይመጠንም። እያንዳንዱ ዘይት የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ 1 ግራም ዘይት ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን ስንት ግራም ኮስቲክ ሶዳ እንደሚያስፈልገው ይነግረናል። የወይራ ዘይት 0.134 ገደማ ነው። የኮኮናት 0.183፣ የጉሎ ደግሞ 0.128። ስለዚህ የአንዱን ዘይት አሠራር ወስዶ ዘይቱን በሌላ መቀየር አይቻልም። ሒሳቡ እንደ አዲስ ይሠራል።

የእኔ ምጣኔ ይኸው፣ በጠቅላላው 500 ግራም ዘይት፦

ወይራ 325 ግራም፤ በ0.134 ሲባዛ 43.55።
ኮኮናት 150 ግራም፤ በ0.183 ሲባዛ 27.45።
ጉሎ 25 ግራም፤ በ0.128 ሲባዛ 3.2።

ድምሩ 74.2 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይመጣል። ግን ይህን ሁሉ አልጨምርም። 5 በመቶ እቀንሳለሁ። ያኔ ጥቂት ዘይት ሳሙና ሳይሆን ይቀራል፤ ቆዳ እንዳይደርቅ ይረዳል፤ ሚዛኔ ትንሽ ቢዋሽ እንኳ መጠባበቂያ ይሆነኛል። ሳሙና ሠሪዎች «ሱፐርፋት» ይሉታል። እናም 70.5 ግራም። ውሃው የሶዳው እጥፍ፣ 141 ግራም።

ለምን ሦስት ዘይት? የኮኮናት ዘይት ጠንካራና አረፋ የሚያበዛ ሳሙና ይሰጣል፤ ብቻውን ግን ቆዳን ያደርቃል። የወይራ ዘይት ለስላሳ ነው፤ አረፋው ግን ቶሎ አይመጣም። የጉሎ ዘይት አረፋው ቶሎ እንዳይከስም ያደርጋል። ከበዛ ሳሙናው ይጣበቃል፤ ስለዚህ 5 በመቶ ይበቃዋል።

ስለ ዕቃ አንድ ነገር ብቻ። አሉሚኒየም እንዳይነካ። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ እየበላም ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል። ድስቴ የማይዝግ ብረት ነው፣ ጆጉ ወፍራም ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ነው። ብርጭቆም አልተጠቀምኩም፤ ሶዳው ውስጥ ውስጡን እየበላው አንድ ቀን ሊሰነጠቅ ይችላል። ሶዳውን ስገዛ ደግሞ ጀርባውን አነበብኩ። ለቱቦ መክፈቻ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ሌላ ነገር የተደባለቀባቸው ናቸው፤ የአሉሚኒየም ስብርባሪ ያለባቸውም አሉ። ንጹሕ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብቻ።

ቀን 1

ጠዋት ሁሉንም ነገር ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ዕቃዎቹን ከነዘይታቸው መዘንኩና ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ መመዘን ደስ ብሎኝ ነው። የኮኮናት ዘይቱ ዕቃ ከነክዳኑ 812 ግራም።

ዘይቶቹን ድስቱን ከሚዛን ሳላወርድ በላይ በላዩ ለመጨመር ወሰንኩ። ስለዚህ ድምሩን ወረቀት ላይ ጫርኩ፦ ወይራ 325፣ ኮኮናት ሲገባ 475። ጉሎው ጥቂት ስለሆነ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሼ ለብቻው 25 ጨመርኩ። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋል፤ ስለዚህ በማንኪያ እየዛቅሁ ነው ያስገባሁት። ከዚያ ድስቱን በቀስታ እሳት አሞቅሁት።

ቀጥሎ የሚያስፈራው ክፍል። ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ ረጅም እጅጌ። መስኮት ተከፈተ። ሕጉ አንድ ነው፦ ሶዳው ወደ ውሃው ይገባል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይገባም። ውሃ ሶዳ ላይ ቢፈስ ባንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ውሃውም በእንፋሎት የተጣራ (ዲስቲልድ) ነው፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ሳሙናውን ሊያበላሹት ይችላሉ።

በትንሽ በትንሹ እየነሰነስኩ አማሰልኩ። ጆጉ በእጄ ውስጥ ሲግል ይሰማኛል። ከስሩ እሳት የለ፣ ምን የለ፤ ቴርሞሜትሩ 86 ዲግሪ አለ። ጉሮሮ የሚከነክን ጭስ መሰል ነገር ተነሣ። ፊቴን አዙሬ ትንፋሼን ዋጥ አደረግሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አለፈ። ደፍርሶ የነበረው ውሃም ጠራ። ሲጠራ ውሃ ነው የሚመስለው። አደጋውም እሱ ነው። ጆጉ ላይ በትልቁ «አይነካም» ብዬ ለጠፍኩበት።

እስኪበርድ ስጠብቅ አንዲት ጠብታ ከጓንቱ በላይ አንጓዬ ላይ አረፈች። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ማሳከክ። ከዚያ ማቃጠል። ወዲያው ቧንቧ ከፍቼ እጄን ከስሩ አደረግሁ፤ ለረጅም ጊዜ፣ ሩብ ሰዓት ያህል። «ኮምጣጤ አፍስስበት» የሚል ምክር የትም ይገኛል። ቆዳ ላይ ግን ልክ አይደለም፤ አሲድና ሶዳ ሲገናኙ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ ጊዜም ያባክናል። ኮምጣጤ ለጠረጴዛ ይሁን። ቆዳ የሚፈልገው የሚፈስ ውሃ ነው።

ዘይቱም ሶዳውም 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ አገናኘኋቸው። ሶዳውን በቀስታ ወደ ዘይቱ። ወዲያው ደፈረሰ። የእጅ ብሌንደሩን ሳስገባ አዘንበልኩት፤ ከምላጩ ስር የታፈነው አየር እንዲወጣ ነው። ካልወጣ ሳሙናው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ከዚያ ትንሽ ማዞር፣ ማጥፋት፣ እንዲሁ በእጅ ማማሰል። እንደገና ትንሽ ማዞር።

የሚጠበቀው ምልክት «ትሬስ» ይባላል። ድብልቁ ይወፍራል፤ ከማማሰያው የሚንጠባጠበው ላዩ ላይ ለአፍታ መስመር ትቶ ይሰምጣል። ያኔ ዘይቱና ውሃው ተመልሰው አይለያዩም። እኔ ጋር በሁለት ደቂቃ መጣ። ወይራ የበዛበት ብዙ ያቆያል ሲባል ሰምቼ ነበርና በራሴ ኮራሁ። በሲሊኮን ሳጥኑ ገለበጥኩት። መታ መታ አድርጌ ፎጣ ደረብኩበት።

ድስቱንና ብሌንደሩን አላጠብኩም። ይህን ምክር ወድጄዋለሁ፦ ለአንድ ቀን ብትተወው የተረፈው ድብልቅ ራሱ ሳሙና ይሆናል። ነገ ዕቃው በራሱ ሳሙና ይታጠባል።

ቀን 2

ፎጣውን ገለጥኩ። ነጭ። በጣም ነጭ። ጠንካራም ነው። ጓንት አድርጌ ከሳጥኑ አወጣሁትና ቢላ አስገባሁበት። አልተቆረጠም፤ ተፈረከሰ። ጫፉ እንደ ደረቀ ኖራ ፍርፍር አለ። ሳሙና በሁለተኛ ቀኑ ለቢላ መታዘዝ አለበት።

አንድ የቆየ ፈተና አለ። ጣትን አርጥቦ ሳሙናው ላይ አሸት ማድረግ፣ ከዚያ አረፋውን የምላስ ጫፍ ማስነካት። ደህና ሳሙና የሳሙና ጣዕም አለው፤ ያው መጥፎ ነው፣ ግን ሳሙና ነው። ያልተበላ ሶዳ ካለበት ግን ባትሪ ድንጋይ በምላስ እንደ መንካት ይነዝራል። አስነካሁት። ነዘረኝ። ደግሞ እንዴት ነው የነዘረኝ! ሮጬ አፌን ተጉመጠመጥኩ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ሳሙና በላህ እንዴ አንተ ልጅ?» አለች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ትንሹን ሚዛን ነው፣ ሶዳውን የመዘነውን። ክብደቱ የታወቀ ነገር ጫንኩበት፤ ልክ ነው። ቀጥሎ ሒሳቡን። ሦስቴ ደገምኩት፣ ልክ ነው። ሶዳው ያለበትን ዕቃ መዘንኩ። የጎደለው 70 ግራም ከምናምን፤ እሱም ልክ ነው። ሶዳ እርጥበት ከአየር ይስባል፣ እየሳበም ይዳከማል፤ ግን ያ ቢሆን ሳሙናው ይላላል እንጂ አይነዝርም ነበር።

ስለዚህ ሶዳው አልበዛም ማለት ነው። ዘይቱ አንሷል።

የወይራው ጠርሙስ፦ የጎደለው 325። ደህና። የጉሎው፦ 25። ደህና። የኮኮናት ዘይቱ ዕቃ ትናንት 812 ነበር። አሁን 662 መሆን ነበረበት። ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው 712 አለኝ።

50 ግራም ኮኮናት ወደ ድስቱ አልገባም።

ወረቀቱን አወጣሁ። ያቺ የቸኮልኩባት ጽሑፍ። 475 ብዬ የጻፍኩት አለ። 7ቱ ግን አንገቱ ተቆልምሞ፣ እግሩ ወደ ቀኝ ተጎትቶ፣ ማንም ቢያየው 2 ነው የሚለው። እኔም 425 ብዬ አንብቤ፣ 425 ላይ አቁሜያለሁ። የራሴን ጽሑፍ እኔው ማንበብ አቃተኝ።

ጥፋቱን በቁጥር አስቀመጥኩት። 50 ግራም ኮኮናት በ0.183 ሲባዛ 9.15 ግራም ሶዳ ይበላ ነበር። መጠባበቂያ ያስቀመጥኩት 3.7 ግራም ነው። ስለዚህ 5.4 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ የሚበላው ዘይት አጥቶ ሳሙናው ውስጥ ተቀምጧል። 5 ግራም ሲሰማ ትንሽ ይመስላል። ምላሴን ጠይቁት። ትናንት በሁለት ደቂቃ የወፈረውም ይህ ሳይኖርበት አይቀርም፤ እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

ከአሁን በኋላ 7ን ወገቡ ላይ በሰረዝ እቆርጠዋለሁ። ድምርም አልጽፍም። እያንዳንዱ ዘይት ለብቻው፣ ሚዛኑ በየጊዜው ወደ ዜሮ።

ቀን 3

ልጥለው ወይስ ላድነው? ምን እንደጎደለ በግራም ባላውቅ ኖሮ እጥለው ነበር። አውቀዋለሁ። ስለዚህ ይድናል።

ጓንትና መነጽር እንደ መጀመሪያው ቀን። ሳሙናውን በሙሉ በመፈቅፈቂያ ፈቀፈቅሁት። ቢላው የፈረከሰውን ፍርፋሪ ሳይቀር ከጠረጴዛው ለቅሜ መለስኩ፤ የሚጎድል ካለ ሒሳቡ እንደገና ይዛባል። ድስት ውስጥ 60 ግራም ውሃ ጨመርኩበት። ከዚያ የጠፋውን 50 ግራም ኮኮናት። እጄ ሲመዝነው አላመነም፤ ሁለቴ መዘንኩት።

እሳቱ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ክዳኑ ተገጥሞ። በየሩብ ሰዓቱ ማገላበጥ። መጀመሪያ ጥጥ ክምር ይመስል ነበር። በግማሽ ሰዓት ዳር ዳሩ መቅለጥ ጀመረ። በሰዓቱ የተፈጨ ድንች መሰለ። ቀስ በቀስ ነጭነቱ ጠፋ፤ ወደ ቫዝሊን ዓይነት ወዝና ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ተለወጠ። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሊገነፍል ሲል ደረስኩበት፤ ከድስቱ ግማሽ በላይ አለመሙላቴ ጠቀመኝ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጥቂት አውጥቼ አቀዘቀዝኩ። የምላስ ፈተናው ተራ ደረሰ። ደፈርኩ። ምንም። መጥፎ የሳሙና ጣዕም ብቻ። በሕይወቴ መጥፎ ጣዕም እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም።

ወፍራም ስለሆነ አይፈስም፤ በማንኪያ እየጠቀጠቅሁ ሳጥኑ ውስጥ ሞላሁት። ላዩ የታረሰ መሬት መስሏል።

ማታ እናቴ ደወለች። ስነግራት «ድሮ በአመድ ነበር የሚሠራው፣ ሶዳ ምን አስፈለገህ?» አለችኝ። ልክ ናት። የእንጨት አመድ ውሃ ሲፈስበት የሚወጣው ፖታሽ፣ ማለትም የፖታሲየም ጨው ነው፤ ከኖራ ጋር ሲሆን የበለጠ ይበረታል። ከፖታሲየም የሚወጣው ሳሙና ግን ለስላሳ፣ እንደ ቅባት የሚዛቅ ነው። ዛሬም ፈሳሽ ሳሙና የሚሠራው በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ጠንካራ፣ በቢላ የሚቆረጥ ሳሙና የሚወጣው ከሶዲየም ነው። ደግሞ የአመድ ውሃ ምን ያህል እንደበረታ በግራም አይነግርም። በ7 እና በ2 መካከል ለሚሳሳት ሰው አመድ አይሆንም አልኳት። ሳቀች።

ቀን 5

ቆረጥኩት። ስድስት ቁራጭ። ቢላው ሳይሰብር ገባ። መልኩ ያልተስተካከለ፣ ቢጫ ያዘነበለ፣ ነጠብጣብ ያለበት። አስቀያሚ ነው። ወድጄዋለሁ። በእሳት ስለበሰለ ሶዳው አልቋል፤ ውሃው ግን ብዙ ነው። በሽቦ መደርደሪያ ላይ አየር እንዲያገኘው አራርቄ አስቀመጥኩት።

ቀን 9

ሁለተኛው ዙር። ያው ምጣኔ፣ ያው 70.5። በእሳት ሳላበስል፣ መጀመሪያ እንዳሰብኩት ልሠራው ነው። እህቴ ዛሬ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ሥራዋ አንድ ነው፦ እኔ ስመዝን ቁጥሩን ጮክ ብላ ማንበብ። «መቶ ሃምሳ» አለች ኮኮናቱ ሲገባ። «እርግጠኛ ነሽ?» «ዓይን የለህም እንዴ?»

በዚህ ዙር 15 ግራም የላቬንደር ዘይት ጨመርኩ፣ ከዘይቱ 3 በመቶ። መዓዛ የሚሰጡ ዘይቶች ጠባያቸው ይለያያል። ላቬንደር ሰላማዊ ነው። ቅርንፉድ ግን ድብልቁን ባንዴ አስወፍሮ ማማሰያው እዚያው እንዲቆም ሊያደርግ ይችላል። የብርቱካንና የሎሚ ደግሞ መዓዛቸው ቶሎ ይጠፋል።

ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ትሬስ የመጣው በዘጠነኛው ደቂቃ ነው፣ ያውም ብሌንደሩን እያሳረፍኩ። አንድ ጊዜማ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ውሃ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀስ እያለ ከበደ፣ ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ከማማሰያው የወደቀችው ጠብታ ላዩ ላይ ቆመች። ገለበጥኩት። ፎጣ ደረብኩ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሳጥኑን ከውጭ ነካሁ፤ ይሞቃል። ይህ ከሶዳውና ከዘይቱ መገናኘት የሚወጣ ሙቀት ነው። ፎጣውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። መሐሉ ጠቆር ብሎ ብርሃን ማሳለፍ ጀምሯል፣ ዳሩ ገና ነጭ ነው። «ጄል» የሚሉት ደረጃ ነው፤ ሳሙናው ከ70 ዲግሪ በላይ አካባቢ ሲሞቅ ይቀልጥና እንደገና ይረጋል። ማየቱን ብተወው ይሻል ነበር። እኔ ግን አሥር ጊዜ ገለጥኩት።

ቀን 10

ተቆረጠ። በእያንዳንዱ ቁራጭ መሐል ጠቆር ያለ ክብ አለ። መሐሉ ጄል ደረጃ ደርሷል፣ ዳሩ አልደረሰም። የማየት ጉጉቴ ፊርማውን አሳረፈበት። በአገልግሎቱ ላይ ምንም አያመጣም፤ መልክ ብቻ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ አመድ የመሰለ ስስ ነጭ ሽፋን አለ። ሶዳው ከአየር ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ውሃ ሲነካው ይሄዳል።

የምላስ ፈተና፦ ምንም ንዝረት የለም። (እህቴም ሞከረች። ፊቷን ባያችሁት።)

አንዷን ቁራጭ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ምልክት አደረግሁባት። በየሳምንቱ የምትመዘነው እሷ ናት። ዛሬ 116 ግራም።

ቀን 17

111 ግራም።

ቀን 24

108 ግራም። የሚሄደው ውሃ ነው። ብዙ ሰው ሳሙና የሚቆየው ሶዳው እንዲያልቅ ይመስለዋል። ሶዳው አብዛኛው በመጀመሪያው ቀንና ሁለት ቀን ውስጥ አልቋል። መቆየቱ ለሌላ ነው፦ ውሃው ይወጣል፣ የሳሙናው ውስጣዊ አደራደር ይጠነክራል፣ አረፋው ይሻሻላል፣ ሲታጠቡበትም ቶሎ አያልቅም። ሳይቆይ ብንጠቀምበት አይጎዳም፤ ግን እንደ በረዶ ይሟሟል።

የመጀመሪያውን ዙር፣ ያንን አስቀያሚውን፣ ዛሬ ሞከርኩት። አረፋው ጥሩ ነው። ትልልቅ አረፋ ቶሎ ይመጣል፤ ኮኮናቱ ነው። ከዚያ ደቃቅና ወፍራም ይሆናል። እጄ ሲደርቅ አልተወጠረም።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ሳህኑን ውሃ ሞልቼ ስታጠብበት ዳር ዳሩ ላይ ነጭ የሚጣበቅ ነገር ቀረ። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። ሳሙናውን ይይዙትና በውሃ ወደማይሟሟ ነገር ይለውጡታል። አረፋ ሊሠራ የነበረው ሳሙና እዚያ ይባክናል። ለማረጋገጥ ከሥራው በተረፈ የተጣራ ውሃ ታጠብኩ። ግማሽ ያህል ሳሙና ሳልነካ አረፋው እጄን ሞላው፣ ሳህኑም ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ሳሙናው ያው ነው፣ ውሃው ነው የተለየው። ስንት ሳሙና በከንቱ ሲወቀስ ኖሯል!

የፒኤች መለኪያ ወረቀትም ነክሬ ነበር፤ ፒኤች አንድ ነገር ምን ያህል አሲድ ወይም አልካላይ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ወደ 10 የተጠጋ ቀለም አሳየ። ሳሙና እንዲህ ነው፤ 9 እና 10 አካባቢ ነው የሚኖረው። በወረቀት ብቻ ግን ሶዳ ቀርቶበት እንደሆነ መፍረድ ከባድ ነው። ምላሴን የበለጠ አምነዋለሁ።

ቀን 38

105 ግራም። አራት ሳምንት ሆነው። የላቬንደሩ መዓዛ ከመጀመሪያው ቀን ቀንሷል፣ ግን አለ። በጥፍር ስጫነው ምልክት አይቀበልም። በዓይን የማየው ብርቱካናማ ነጠብጣብም የለም። እሱ ሲታይ ሳሙና ሳይሆን የቀረው ዘይት መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው፤ ሽታውም ይናገራል። መጠባበቂያውን ከ5 በመቶ ብዙ ማሳደግ ያላማረኝ ለዚህ ነው።

ለእናቴ ሁለት ቁራጭ ወሰድኩላት፣ ከእያንዳንዱ ዙር አንድ። ሁለቱን አሸተተች፣ አገላበጠች። ከዚያ ያን አስቀያሚውን መረጠች። «ይኼ የሰው እጅ ያረፈበት ይመስላል» አለች። 50 ግራሙን አልነገርኳትም።

ቀን 52

104 ግራም። ባለፈው ሳምንትም 104 ነበር። ቆሟል። ከ116 ተነሥታ 12 ግራም ጥላለች፣ ከአሥር እጅ አንዱን።

እህቴ ምልክት ያደረግሁባትን ቁራጭ አንሥታ ወደ መታጠቢያው ይዛ ሄደች። «ስድስት ሳሙና ለማውጣት ስድስት ሳምንት!» እያለች። ስትመለስ ግን እጇን እያሸተተች ነው።

ቀን 53

ሦስተኛው ዙር። ወይራ ብቻውን። 500 በ0.134፣ 67። ሲቀነስ 5 በመቶ፣ 63.6። ውሃውን አሳነስኩት፣ 95 ግራም፤ ወይራ ብቻውን ሲሆን ለመጠንከር ጊዜ ይፈጃል፣ ትርፍ ውሃ አያስፈልገውም። ብዙዎች ይህን ሳሙና ግማሽ ዓመት፣ አንዳንዶችም ዓመት ያስቀምጡታል። ለእህቴ ገና አልነገርኳትም።

ወረቀቱን ሚዛኑ አጠገብ ለጠፍኩ። 67 ላይ ያለው 7 ወገቡ ላይ ተቆርጧል።